የደከማት ትቁጠር

በኛ የስፖርት ክፍል አንድ ሕግ አለ። የደከማት ሴት አትቀመጥም፤ ወደ ፊት ወጥታ ጮክ ብላ ለሌሎቹ ትቆጥራለች። ሕጉን ያወጣችው አሰልጣኛችን ናት፤ ጉልበቷ ተጎድቶ ሜዳ የተወች የድሮ ኳስ ተጫዋች።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ዕለት ማሟሟቂያው ሳያልቅ ነው ትንፋሼ የተቆረጠው። ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ያጎነበሰች ሴት ምን ትንፋሽ አላት? "ነይ ቁጠሪ!" አለችኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ለደንበኛ "ይጥበብ ወይስ ይስፋ?" ከማለት ያለፈ ወሬ ከአፌ አይወጣም ነበር። "አንድ" ስል ድምፄ ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ አለ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ተናድጄ "ሁለት!" ብዬ ጮህኩ፤ ከዚያ እኔም ሳቅኩ። ያን ዕለት እንቅልፍ እንደ ሰው ወሰደኝ። ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም።

ስፖርት የምንሠራበት የግቢያችን አዳራሽ ቁልፍ ያለው የባሌ ታላቅ ወንድም እጅ ነው፤ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ባለፈው ማክሰኞ ከሥራ መልስ ስንሰበሰብ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን።

"ነዋሪው በጩኸት ተማሯል፣" አለ የባሌ ወንድም በሩ አጠገብ ቆሞ። ቀጥሎ እኔን ገለል አድርጎ፣ "አንቺ ደግሞ የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ትዘያለሽ? ሰው ምን ይላል?" ብሎኝ ወደ ቤቱ ገባ።

ፈራሁ። ይህን ነገር ካጣሁ ወደ ዝምታዬ እንደምመለስ አውቃለሁ፤ ስፌት መኪናውና እኔ እንደገና ተፋጠን ልንኖር ነው። ከፍርሃቱ ኋላ ግን ንዴቱ መጣ፤ ደግ አደረገ።

"ግቢው ቁልፍ የለውም፣" አልኳቸው ሴቶቹን።

እዚያው የሱ በረንዳ ፊት ለፊት ተሰለፍን። ገና መዝለል ከመጀመራችን ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ወጣ።

"ጩኸት በዛ አላልኩም?"

"ጋሼ፣" አልኩት፣ "ወንድምዎ የሞተ ጊዜ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኼያለሁ። ያኔ ጩኸት በዛ አላሉኝም። 'አይዞሽ፣ ይውጣልሽ' ነው ያሉኝ። ስስቅ ጊዜ ነው ጆሮዎ የተከፈተው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን..."

"ይኸው እየወጣልኝ ነው!"

ከኋላው በሩ ተከፈተ። ሚስቱ ናት፤ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ አለ። ይህን ሁሉ ዓመት ስንጎራበት ከ"እሺ" ሌላ ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። አልፋው ደረጃውን ወረደችና ፊታችን ቆመች።

"ወዴት ነው?" አላት።

እጇን በቀሚሷ አደራርቃ ወደ አሰልጣኛችን ዞረች።

"ሕጋችሁን በመስኮት ስሰማው ነው የኖርኩት፣" አለች። "እኔ ገና ሳልጀምር ደክሞኛል። ልቁጠር?"

አሰልጣኛችን ቦታዋን ለቀቀችላት።

"አንድ!" አለች፤ ግቢውን የሚሞላ ድምፅ ነበራት። ዘለልን።