ትርፍ ጉልበት

የአናጢው ሚስት ክኒን ማዛነፍ አታውቅም። የባሏ ልብ ሰፍቶና ሳስቶ ደም መግፋት ካቃተው ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሲል ክኒኑን በአንድ እጇ፣ ውሃውን በሌላው ይዛ ከራስጌው ትቆማለች። እሱም «ያገባሁት ሚስት ነው ወይስ ደወል?» እያለ ይውጣል።

ሐኪሟ «ከምርመራው በፊት ሁለት ቀን፣ ልብ የሚያዘገየውን ክኒን እንዳይወስድ» ስትላት እሺ ብላ ነበር። አንደኛውን ቀን እንደምንም ቻለችው። በሁለተኛው ግን ባሏ ደረጃው ላይ ሲያለከልክ ሰማችና አላስቻላትም፤ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅላ አስዋጠችው። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ሞኝነትም ነው።

ምርመራው ልብን የሚያስሮጥ መድኃኒት በደም ሥር ጥቂት በጥቂት እየሰጡ በአልትራሳውንድ ማየት ነው። ልቡ ሲነዳ ጠንክሮ ከጨመቀ ትርፍ ጉልበት አለው፤ ዕድሜም ይጠበቃል። ካልጨመቀ ያለውን ሁሉ አውጥቶ ጨርሷል ማለት ነው። የአናጢው ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም የሚገፋው ከመቶ ሃያ ሁለት እጅ ነበር። መድኃኒቱ ሁሉ ገብቶ ሃያ ሦስት ሆነ።

ሐኪሟ ይህን ስትናገር ሴትዮዋ ደረቷን መታች።

«የኔ ልጅ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ትናንት ክኒኑን ሰጥቼዋለሁ!»

አናጢው ከአልጋው ላይ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ልቤ ሰነፈ ብዬ! ለካ ሚስቴ አስራው ነው።»

ሐኪሟም «ክኒኑ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ በሳምንቱ እንደግመዋለን» አለች።

ያን ሳምንት ሴትዮዋ ላገኘችው ሁሉ «እኔው ነኝ ያበላሸሁት» ስትል ሰነበተች። እህቷ «ምነው፣ ጥፋትሽን እንደ ሹመት አወራሽው?» ብላ ተገረመች። ቀኑ ሲቃረብ ክኒኑን ለዚችው እህቷ ሰጥታ አስቆለፈችው። አናጢውም ሲታመም በጅምር የተወውን ቁም ሣጥን መላግ ጀመረ።

ምርመራው ተደገመ። ሃያ ሁለት። መድኃኒቱ ተጨመረ፤ ሃያ ሁለት። እስከ መጨረሻው ልክ ደረሰ፤ ሃያ ሦስት።

«እናቴ» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ፣ «የክኒኑ ነገር አልነበረም። እርስዎ ምንም አላበላሹም።»

አናጢው የሸሚዙን ቁልፍ ቆለፈ። ሴትዮዋ ክንዱን ያዘች። ጥፋተኛ ብትሆን ምን ነበረበት? አጥፍተሻል ተብላ አልቅሳ ታውቃለች፤ አላጠፋሽም ተብላ ስታለቅስ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።