በሉዋ ቅጠል፣ በትዋን እጅ

የዓመቱ የመጨረሻ ወር ሃያ ሰባተኛ ቀን ነበር፤ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ሉዋ ውኃ ውስጥ ያደረ ስምንት ኪሎ ሩዝ፣ የተከካ ማሾና በቁንዶ በርበሬ የታሸ የአሳማ ጮማ በሁለት ቅርጫት ከትከሻ እንጨቷ ጫፍና ጫፍ አንጠልጥላ ከግቢዋ ወጣች። ልጇ ንጋን አንድ ክንድ ሙሉ የታጠበ ሰፋፊ የዶንግ መጠቅለያ ቅጠል ታቅፋ ተከተለቻት። ሩቅ አልሄዱም። አጥሩን ዞረው የጎረቤታቸውን የትዋንን በር አንኳኩ።

የሉዋ ባል ኽዋት ከሞተ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆኖታል። በመንደራቸው ሐዘን የገባበት ቤት ለዘመን መለወጫ ባን ቹንግ የሚባለውን በቅጠል የሚቀቀል የሩዝና የሥጋ ምግብ አይጠቀልልም፤ እሳቱም አይቀቅልም። ጎረቤት ጠቅልሎ ያመጣል፤ ሐዘንተኛው ይቀበላል። ዘንድሮም ትዋንን ጨምሮ አምስት ቤት እናመጣለን ብሎ ቃል ገብቶ ነበር። የሉዋ ጭንቀትም ከዚህ ነው የጀመረው፤ የአምስቱንም ቤት ጥቅል ታውቀዋለችና። የአንዱ ሩዙ አይበስልም፤ የአንዱ ሥጋው የጣት ጥፍር ያህላል። ኽዋት ደግሞ በምግብ የሚቀልድ ሰው አልነበረም። ዘንድሮ ሞቶ የመጀመሪያው ዘመን መለወጫው ነው፤ ከፎቶው ፊት፣ ከመታሰቢያው ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ጥቅል ካልወደደው ዓመቱን ሙሉ ጾሙን ሊከርም ነው ብላ ሉዋ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥታለች።

በመጨረሻ መላ መታች። ልማዱ የከለከለው እጇንና እሳቷን ነው። ስለ ሩዟ፣ ስለ ቅጠሏና ስለ አፏ ምንም አላለም። የሌሎቹ ቤት አማትና ምራት ስለሚሞላበት ማንም አይሰማትም፤ ትዋን ግን ብቻዋን ናት።

ትዋን በሩን ከፍታ ቅርጫቶቹን አየች፤ ከዚያ ሉዋን አየች።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ የትዋን ጥቅል የቤት መሠረት ይሆናል እያልሽ ለመንደሩ ስታወሪ ኖረሽ፣ ዛሬ ሩዝሽን ተሸክመሽ መጣሽ?»

«የምፈልገው እጅሽን ነው» አለች ሉዋ። «ጭንቅላቱን እኔ አመጣለሁ።»

ትዋን እንደ መሳቅ አለችና ግቢው መሐል ምንጣፍ ዘረጋች።

ሥራው ተጀመረ። ሉዋ ሁለት እጆቿን ከጭኖቿ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው፤ እንዲህ ካላደረገች አያርፉላትም። አፏ ግን አላረፈም። የቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ ፊት ወደ ሩዙ ይዙር፣ አለበለዚያ ሩዙ እንደ በሽተኛ ፊት ይነጣል አለች። ማዕዘኖቹን በሩዝ ሙዪ፤ ማሾውን ዳር ድረስ አትግፊው፤ ሥጋው መሐል ይተኛ። ትዋን ግማሹን ትሰማለች፣ ግማሹን አልሰማሁም ትላለች፤ ንጋን ቅጠል እያቀበለች ሳቋን ትውጣለች።

ጠቡ ማሰሪያው ላይ ነበር። ትዋን ጥቅሉን በእግሯ ረግጣ፣ የቀርከሃውን ልጥ አንድ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ሌላውን በእጇ ስትጎትተው ቅጠሉ ሲጢጥ ይላል። ሉዋ አታጥብቂው፣ ሩዙ ሲበስል ይነፋል፣ የት ይሂድልሽ አለቻት። ትዋን ልጡን ከጥርሷ ሳታወጣ፣ የላላ ጥቅል ውኃ ይገባዋል፣ ውኃ የገባው ደግሞ በሦስተኛው ቀን ይኮመጥጣል፣ ያንቺዎቹ ስንት ጊዜ ኮምጥጠዋል እያለች መለሰችላት።

አራተኛው ጥቅል ላይ ትዋን ልጡን ስትጎትት ሉዋ ሳታስበው እጇ አመለጣት። ጫፉን ያዘችና ልታላላው ጀመረች።

«እማዬ፣ እጅሽ» አለች ንጋን ቀስ ብላ።

ሉዋ ልጡን ለቀቀችው። ጥፋተኛውን እጇን በሌላው መታችው፤ ከዚያ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ለሱ እኮ ነው፣ ትዋን። የመጀመሪያው ነው። ካልወደደውስ?»

ትዋን እግሯን ከጥቅሉ ላይ አነሳች።

«እንዴት ያለውን ነው የሚወደው?»

«የኔን ነዋ። ለስላሳውን። ሌላ ምን በልቶ ያውቃል?»

ትዋን ከምንጣፉ ላይ አንድ አንድ የወደቀ ሩዝ እየለቀመች ወደ ቅርጫቱ መለሰች፤ ሩዝ መልቀም ደግሞ የትዋን ልማድ አልነበረም።

«ልንገርሽ፣ ግን ቅጠሉን እንዳትወረውሪብኝ» አለች። «ያንቺ ሰውዬ በየዓመቱ በበዓሉ አራተኛ ቀን የዓሣ ማጥመጃውን ይዞ እዚህ ይመጣ ነበር። ከነዚያ ድንጋዮችሽ የተረፈ አለ ወይ ይለኛል። ቆራርጬ በስብ እጠብስለታለሁ፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ቆሞ በኮምጣጤ ሽንኩርት ሁለት ቁራጭ፣ አንዳንዴም ሦስት ይበላል። የሉዋ ለስላሳ ነው፣ መጥበሻ ላይ ይፈርሳል ይላል። ደግሞ እንዳትነግሪያት ይለኛል።»

በሉዋ ቤት የሷን ጥቅል መጥበስ ስድብ ነበር፤ ይህን ኽዋትም ንጋንም ያውቃሉ። ሉዋ ዓመታቱን ወደ ኋላ ቆጠረች። በበዓሉ አራተኛ ቀን ኽዋት ከኩሬው ዓሣ ሳይዝ ይመለሳል። ምሳ ሲቀርብለት አልራበኝም ይላል። እሷም ሆዱን በበዓል ምግብ አመመው ብላ…

«ዝንጅብል አፍልቼ አጠጣው ነበር» አለች። «በየዓመቱ። ትልቅ ኩባያ ሙሉ።»

«አውቃለሁ። ይመርራል እያለ ያማርርልኛል።»

መጀመሪያ የፈነዳችው ንጋን ናት። ቀጥሎ ትዋን። ሉዋ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ሆነና የራሷን ነጭ የሐዘን ሻሽ አፏ ውስጥ እስክትጎሰጉስ ድረስ አልቆም አላት። በአጥሩ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ሐዘንተኛ ቤት ጎረቤት ምን ጉድ ነው ባለ ነበር።

ሳቁ ሲበርድላት ሉዋ አራተኛውን ጥቅል በዓይኗ ለካችው። የራሷ ጣቶች ያላሉት ልጥ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብሏል።

«ፍቺና እንደገና እሰሪው» አለች።

«ላላ ላድርገው?»

«አጥብቂው። እንደ ለመድሽው። እግርሽንም ጨምሪበት።»

ትዋን ልጡን በጥርሷ ያዘች። ሉዋም እጆቿን እንደገና ከጭኖቿ ሥር አስገባች፤ ከዚያ በኋላ ስለ ማሰር አንድ ቃል አልተናገረችም። ስለ ቁንዶ በርበሬው ግን ተናግራለች።

ሃያ ሁለት ጥቅል ወጣው። አራት ሰዓት ላይ በትዋን ትልቅ ድስት ተጥዶ ማታ ሁለት ሰዓት ወረደ። ሉዋ በጣቷ እየተጫነች ጠንካሮቹን ሁለት መረጠችና ከኽዋት ፎቶ ፊት አስቀመጠቻቸው። በበዓሉ አራተኛ ቀን አውርዳ በትዋን ማድ ቤት አስጠበሰቻቸው፤ ቆማ አንድ ቁራጭ በላች፤ ጨው በዝቶበታል አለች።

ሐዘኑ በሦስተኛው ዓመት አበቃና ሉዋ በራሷ ግቢ መጠቅለል ጀመረች። ትዋን በዚያው ዓመት በሰባተኛው ወር ከልጇ ጋር ልትኖር ወደ ሃይ ፎንግ ከተማ ሄደች።