መብራት አልባው ካርሞኒ

በወረዳችን ካሉት መቶ አርባ መንደሮች የዘጠኙን የመሬት መዝገብ የምይዘው እኔ ሱክዴኦ ላል ነኝ። ከዘጠኙ አንዱ ካርሞኒ ነው፤ መዝገቡ ላይ «ቤቺራግ» ተብሎ ተጽፏል። የድሮ ነገሥታት ጸሐፊዎች የተዉልን ቃል ነው፤ መብራት አልባ፣ ማለትም ነዋሪ የሌለው።

እንግሊዝ አገራችንን በሚገዛበት ጊዜ ወረርሽኝ ገብቶ ባዶ ቀርቶ ነበር፣ እውነት ነው። በኋላ ግን ወንዙ መንገዱን ቀይሮ የማዶውን መንደር ሲበላው፣ ሰዎቹ ተሻግረው ካርሞኒ ሰፈሩ። ዛሬ አርባ ሦስት ቤት ናቸው። መታወቂያቸው ግን አሁንም በተበላው መንደር ስም ነው፤ ወረቀት ዋና አይችልማ!

እኔስ ምን አደረግሁ? በየዓመቱ ያለፈውን ገለበጥኩ። ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዲት ቃል ለመቀየር የስንቱን ደጅ መጥናት እንዳለ እኔ ነኝ የማውቀው! ቆይ ነገ፣ ቆይ ለከርሞ ስል አስራ አንድ ዓመት ሞላኝ።

ዘንድሮ የጎርፍ መከላከያ ግድብ ሊሠራ ሆነና ካርታው መጣ። ካርሞኒ ከግድቡ ውጪ፣ በወንዙ በኩል ቀርቷል። መዝገቡ ሰው የለም ካለ ማን ይከልለዋል?

ወሬውን ለራምራቲ የነገርኳት እኔው ነኝ። አገሩ ሁሉ ካኪ፣ አክስቴ፣ የሚላት የካርሞኒ አሮጊት ናት። በየዓመቱ ሰብል ልመዘግብ ስወርድ ምሳዬን የምበላው እሷ ቤት ነው፤ የሽምብራ በሶ በሽንኩርትና በቃሪያ።

«ምን ብለህ ነው የጻፍከን?» አለችኝ።

«መብራት አልባ።»

«አትለኝም!» ብላ ሳቀች። «ታዲያ ያን ሁሉ ዓመት በሶ ያቀረበልህ ማነው? ጋኔን ነው?»

እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እሷም ሳቋ ቶሎ ጠፋ። «ልጄ፣ ውሃው እኮ ይወስደናል» አለች። አፈርኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሳምንቱ የወረዳችን ሹም ካርታው ላይ ከመፈረማቸው በፊት ቦታውን ሊያዩ መጡ። ወጣት ሴት ናቸው፤ ማዳም እንላቸዋለን። ጠራራ ፀሐይ ላይ በአርባ ሦስቱም ደጃፍ የሸክላ ኩራዝ በርቶ ጠበቃቸው። የካኪ ሐሳብ ነው።

ማዳም አልሳቁም። «ዛሬ ሰው እንዳለማ አያለሁ» አሉ። «ግን ግድብ ይሠራል ሲባል ሰምተው ትናንት የሰፈሩ ቢሆኑስ? ድሮም እንደነበሩ በፊርማው የሚመሰክር የመንግሥት ሰው ካለ አሁኑኑ አስተካክላለሁ። ከሌለ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል።»

ወደ ላይ ከሄደ ክረምቱ ይቀድመዋል። ይህን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ካኪ አጠገቤ ቆማለች። አፏን ብትከፍት አልቆልኝ ነበር። ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ዝም አለች፤ ልታሳጣኝ አልፈለገችም።

«እኔ አለሁ ማዳም» አልኩ። «አስራ አንድ ዓመት እዚህ ምሳ በልቻለሁ። ቢሮ ስመለስ ደግሞ ሰው የለም ብዬ ጽፌያለሁ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይህን በእጅዎ ይጽፋሉ? ምን እንደሚያስከትልብዎ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

እዚያው ደጃፉ ላይ ባለው የካኪ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ ጽፌ ፈረምኩ። ማዳም ካነበቡት በኋላ እርሳስ አውጥተው የግድቡን መስመር ከካርሞኒ ወዲያ፣ በወንዙ ዳር አሰመሩትና ፈረሙ። የጻፍኩትን ቃል ግልባጭ ለመንደሩ ሰጡ። ለእኔ ደግሞ፣ «ከነገ ጀምሮ ቢሮ አይምጡ» አሉኝ።

መኪናቸው ሲሄድ ካኪ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። «አንብብልኝ።»

«...በካርሞኒ መንደር፣ በራምራቲ ቤት...»

«እሷን ድገማት።»

ደገምኩላት።

«አንዴ ደግሞ።»

ለሦስተኛ ጊዜ ካነበብኩላት በኋላ ኩራዟን እፍ ብላ አጠፋች። ገብታ በሶውን በጥብጣ፣ ሽንኩርቱን ፈንክታ አመጣችልኝ። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት እንጂ ወደ ምግቡ እጄን አልዘረጋሁም።

«ብላ እንጂ» አለችኝ። «ዛሬ እኮ የምትበላው ሰው ቤት ነው።»