ዓይን ጨፍኖ ሙግት

የክርስቲያን ደራሲያን፣ ሠዓሊያንና የጨዋታ ፈጣሪዎች ጉባኤ ላይ አንድም ነገር የሠራ ሰው አልነበረም። ሁሉም ተቀብሎ ነው የመጣው። ደራሲው ልብ ወለዱን ተቀብሏል፣ ሠዓሊዋ ሥዕሏን ተቀብላለች፣ ስልክ ላይ አጋንንት ላይ ጥቅስ የሚያስተኩስ ጨዋታ ያመጣው ጎረምሳ እንኳ ጥይቱን ሳይቀር ከላይ ነው የተቀበለው። በር ላይ የሚሰጡን፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ካርድ "ሥራዎ" የሚል ቦታ የለውም፤ "ጸጋዎ" ነው የሚለው። እኔ "የልጆች ተረት" ብዬ ሞላሁ። አስተናጋጇ አየችውና "ተረት ከምንለው ምሳሌ ብንለውስ፣ እህቴ?" አለችኝ።

እንዲህ ያለ ቦታ እርማት የሚባል ነገር የለም። ጌታ የሰጠውን ማን ያርማል? አንዲት እናት እንደ ጡብ የወፈረ ረቂቅ ይዘው መጥተው "አንድ ፊደል አልነካሁም፣ ሲሰጠኝ እንዲሁ ነው" አሉኝ። አነበብኩት። እንደ እሳቸው ከሆነ ጌታ አራት ነጥብ የት እንደሚገባ አያውቅም።

ሰው ግን ሰው ነው፤ ትችት በሆዱ አያድርም። የሚወጣበት ቀዳዳ አንድ ብቻ ነው፣ ጸሎት። አንዱ ሥራውን ያቀርባል፣ ሁሉም "ተባረክ" ይለዋል፣ ከዚያ ዓይን ይጨፈንና እውነቱ ይወጣል። "ጌታ ሆይ፣ እህታችን ከምዕራፍ ሁለት ቶሎ እንድትወጣ እርዳት።" አሜን። "አባት ሆይ፣ የወንድማችንን በግ ውሻ ከመምሰል አድንልን።" አሜን። የተጸለየለት ሰው ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ቲማቲም ይመስላል፤ ግን ምን ይላል? ለጸሎት መልስ የሚሰጠው በሌላ ጸሎት ብቻ ነው።

እኔ እዚያ የሄድኩት ለተረቴ ብዬ አይደለም፤ ለወንድሜ ነው። ታናሼ ነው፤ የሱቅ ታፔላ ይጽፋል። ዕድሜውን ሙሉ የሌላውን ሰው ስም በሚያምር ቀለም ሲጽፍ ኖሮ አንድ የራሱ ነገር ሠራ፤ "ወደ ቤት" የሚባል፣ በሰሌዳ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ። የጠፋው ልጅ ታሪክ ነው። ተጫዋቾቹ ከአባታቸው ቤት ድርሻቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ ያባክናሉ፣ ከአሳማ ጋር ይበላሉ፣ ይመለሳሉ። ቁም ነገሩ አጨራረሱ ላይ ነው፤ ሁሉም ካልገባ ማንም አያሸንፍም። ቀድሞ የደረሰው ተመልሶ ወጥቶ የቀረውን መጎተት አለበት። ይህችን አንድ ሕግ እስኪያገኝ ስንት ዓመት የምግብ ጠረጴዛዬን ይዞብኝ ኖረ፤ ሾርባዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ነው የጠጣሁት። አልቆጨኝም። የጨረሰ ቀን "ሳጥኑ ላይ ስሜን በቀይ ነው የምጽፈው" አለኝ። ሌላ ምኞት ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

አምና ናሙናውን ጉባኤውን ለሚያዘጋጀው ማኅበር ሰብሳቢ ሰጠው፣ እንዲጸልይበት። ሰውዬውን እኔ ባለራእዩ ነው የምለው፤ መንገድ ላይ ሲያገኝሽ እንኳ "እንደማገኝሽ ታይቶኝ ነበር" ይላል። ዓመቱን ሙሉ ጸለየበት መሰለኝ። ዘንድሮ መድረክ ላይ ወጣና ጨርቁን ገልጦ "በራእይ የተሰጠኝ ጨዋታ ይህ ነው" አለ። ስሙን "የአባት ደጅ" ብሎታል። ከስሙ በቀር የቀየረው ነገር የለም። ፊት ወንበር ላይ አሳታሚው ተቀምጧል፤ የጉባኤውን ምርጥ ሥራ ከነባለቤቱ ስም አትሞ የሚያሰራጨው እሱ ነው።

ደሜ ፈላ። ዞር ስል ወንድሜ ጫማውን ያያል።

"ተነሥና ተናገር እንጂ" አልኩት።

"ተይው፣ እትዬ። ሰው ፊት ነው።"

"እሱስ ሲሰርቅህ ሰው ፊት አይደል?"

"ወንድም ወንድሙን አይከስም ይባላል።"

"ይህን ነገር ለምንድን ነው ሁልጊዜ የተሰረቀው ብቻ የሚያስታውሰው?"

አንገቱ ሥር ቀልቷል፤ ሊያለቅስ ሲል ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚሆነው። አሳዘነኝ፤ አናደደኝም።

በሻይ ሰዓት ባለራእዩን ጥግ ላይ ያዝኩትና "ይህ የወንድሜ ሥራ ነው" አልኩት።

እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "ተባረኪ፣ እህቴ። ጌታ እኮ አንዱን ነገር ለሁለት ሰው ሊሰጥ ይችላል።"

"ከነአሳማው?"

"እንጸልይበታለን" አለና ብስኩቱን ይዞ ሄደ። ካለስ እንጸልይበት አልኩ በሆዴ።

ከሻይ በኋላ፣ አሳታሚው ከመወሰኑ በፊት ጉባኤው ተነሥቶ እንዲጸልይ ተጠየቀ። "አንድ ሰው ይምራን" ከመባሉ ማንም ሳይቀድመኝ ጀመርኩ። አዳራሹ በሙሉ ዓይኑን ጨፈነ።

"አባት ሆይ፣ ስለዚህ ጨዋታ እናመሰግንሃለን።"

አሜን።

"ማን እንደሠራው አንተ ታውቃለህ።"

አሜን፣ ሞቅ ያለ።

"ወንድሜ በእኔ ጠረጴዛ ላይ እየቆረጠ፣ እየለጠፈ ሲሠራው አይተሃል።"

አሜን አለ አዳራሹ፤ አፍ ለምዷላ። አንዳንዱ ግን አሜኑን ካለ በኋላ ነው ማሰብ የጀመረው።

"ደግሞ ጌታ ሆይ፣ አንድ ነገር ግለጥልን። ለሰብሳቢያችን በራእይ ያሳየኸው አሳማ የእኛን አከራይ አፍንጫ፣ ያውም ከነኪንታሮቱ፣ ይዞ የመጣው ለምንድን ነው?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። አንዲት ሴት ግን ከልቧ "አዎ ጌታ፣ ግለጥ" አለች።

ሳልጨርስ ባለራእዩ ማይኩን ይዞ ገባ። "አዎ አባት ሆይ፣ የቅናትን መንፈስ ከዚህ አዳራሽ አውጣ።"

አሜን፣ ከእኔ በለጠ። እሱ ማይክ አለዋ።

"የሌባንም መንፈስ አብረህ" አልኩ ከቦታዬ።

አሜን።

"የምላስን እሳት አጥፋ።"

አሜን።

"ረጅም እጅንም ሰብስብ።"

አሜን። ሕዝቡ፣ ለሁለቱም ተደባዳቢ ዱላ እንደሚያቀብል ጎረቤት፣ ለሁለታችንም እኩል አሜን ይላል። በአንድ ዓይኔ አጮለቅሁ። አሳታሚው ዓይኑን ገልጦ ወንድሜን እያየ ነው። ወንድሜም አንገቱን ቀና አድርጓል። ያዝኩት አልኩ፤ ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ባለራእዩም አጮልቆ ኖሯል። ድምፁ በአንድ ጊዜ ለሰለሰ።

"አባት ሆይ፣ ስለዚህ ትሑት ወንድማችን እናመሰግንሃለን።"

አሜን።

"የእጁን ድካም አንተ አይተሃል።"

አሜን አልኩ እኔም። እንዲህ ይናገር እንጂ።

"ስለ እህቱም፤ እንደ እናት ከጎኑ ስለቆመች።"

አሜን። እንባዬ መጣ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እያልኩ ለልጆች ተረት የምጽፈው እኔው ነኝ።

"ይህ ባሪያህ ከሰው ክብር አይፈልግም።"

አሜን።

"እኔም አልፈልግም።"

አሜን።

"ስለዚህ ሁለታችንም ስማችንን ከዚህ ሥራ ላይ አንሥተን እግርህ ሥር እናኖራለን። ሳጥኑ ላይ የአንተ ስም ብቻ ይጻፍ። ሥራውን ይህ ማኅበር በአደራ ይያዘው። በኢየሱስ ስም።"

አሜን። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

የማኅበሩ ሰብሳቢ ማን እንደሆነ ትዝ ያለኝ ዓይኔን ስገልጥ ነው። "አንድ ጊዜ" ብዬ እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ በፍቅር ዞሮ አየኝ። ግን አልቋል። ከመጨረሻው አሜን በኋላ የሚመጣ ነገር ክርክር ነው፣ ክርክር ደግሞ ሥጋ ነው። ባለ ረቂቋ እናት ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "ድል ነው፣ ልጄ" አሉኝ። አሳታሚው የባለራእዩን እጅ ጨብጦ ይስቃል፤ ከሁለት አንዱን ከመምረጥ ተገላግሏል።

ወንድሜን በሩ ላይ ደረስኩበት። ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ ገመዱን ጣቱ ላይ ይጠቀልላል።

"ይህን ሰውዬ አልለቀውም" አልኩት። "አሁኑኑ ተመልሼ እነግራቸዋለሁ።"

"ምን ብለሽ?" አለኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ሁሉም ተስማምቷል። አሜን ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ።"

"እኔ እኮ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ሰማሁሽ፣ እትዬ። አጠገቤ ነበርሽ።"