ሞተሩ በቆመ ቁጥር

ስቴርጊዮስ የቫዮስን ቀኝ እጅ በብረት መቆንጠጫው፣ በሞርሳው ውስጥ አስገብቶ አንጓው ላይ ሁለት ዙር አጠበቀበት። አጥንቱ ሳይሰበር አቆመ። መሰባበሩን ለኋላ አቆይቶታል።

«እንግዲህ ባርባ ዚሲስ» አለ ሽማግሌውን መካኒክ። የአደን ጠመንጃው ትከሻው ላይ ነው፤ በእጁ የጎማ መፍቻ ይዟል። «መኪናዋን ያስነሷት። ደህና ከሠራች ይህን ውሻ እለቀዋለሁ። በቆመች ቁጥር ግን አንድ ጣት።»

ባርባ ዚሲስ ከላሪሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ጋራዥ አርባ ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። ጠመንጃውን አየ፤ ርቀቱን በዓይኑ ለካ። ስድስት እርምጃ። አይደርስበትም።

ነገሩን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ባለፈው ማክሰኞ የስቴርጊዮስን አባት ልባቸውን ያዛቸው። ልጃቸው ከኋላ ወንበር አስተኝቷቸው ወደ ሆስፒታል ሲበር፣ መኪናዋ በጠራራ ፀሐይ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ አለች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ምንም እንዳልነካት ተነሳች። ሽማግሌው ግን አልነቁም። ከሰኔ ወዲህ ቀን በሞቀ ጊዜ መቆም ልማዷ ሆኗል። ስቴርጊዮስ ደግሞ ከጎረቤቱ ከቫዮስ ጋር በጥጥ ማሳ ውሃ ከተጣላ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ «ቤንዚኑ ውስጥ ስኳር ጨምሮብኛል» አለ፤ ከዚህ ሐሳብ የሚያወጣው አልተገኘም።

እናቱ ኪራ አሲሚና ጥቁር ለብሰው የጋራዡ በር ላይ ተቀምጠዋል። ሊገላግሉ አልመጡም። ሊያዩ ነው የመጡት።

የቫዮስ ከንፈር ተተርትሯል፤ ምላሱ ግን ደህና ነው። «ስኳር እኮ ውድ ነው። ላንተ ቆርቆሮ አላባክንም!»

ስቴርጊዮስ በመፍቻው ጎኑን አለው።

ዚሲስ ሞተሩን አስነስቶ ፀሐይ ላይ ተወውና ሰዓቱን ያዘ። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ሞተሩ ተንተባተበ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ጸጥ አለ።

መፍቻው በቫዮስ ትንሿ ጣት ላይ ወረደ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ዚሲስ ሞተሩን ሳይበርድ ማየት ነበረበት። እሳት የምትሰጠውን አንዲት ካንዴላ ነቀለና «ቁልፉን አዙር» ብሎ ስቴርጊዮስን አዘዘው። እሳቱ ሰማያዊና ብርቱ ነው። የካርቡራተሩን ቱቦ ነቀለ። ደረቅ፤ ጠብታ እንኳ የለውም።

«ቤንዚን አልደረሰም።»

«አላልኩም? ስኳር!»

«ስኳር ቤንዚን ውስጥ አይሟሟም፣ ልጄ። ቢኖር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው ላይ ይጠራቀም ነበር።» ፊልትሮውን በመጋዝ ለሁለት ከፍሎ ነጭ ጨርቅ ላይ አራገፈው። ምንም አልወደቀም። ስቴርጊዮስ ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ ጣቱን ላሰ።

«ታዲያ ሌላ ነገር አድርጎባታል» አለ።

ዚሲስ አዲስ ፊልትሮ ገጠመ፤ ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለለው። ሁለት ጥርጣሬ ቀረው። ወይ ፓምፑ ሙቀት አልቻለም፣ ወይ ከታንኩ በኩል የሚያንቃት ነገር አለ። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ደግማ ከቆመች ብቻ ነው። ወደ ሞርሳው ሄደ።

«ቫዮ፣ አንድ ጊዜ ደግሜ እንድትቆም ማድረግ አለብኝ። አለዚያ አላገኘውም።»

ቫዮስ ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ቀና አለ። «ምን ያስጠይቃል ባርባ፣ ጣቶቼ አሥር አይደሉም እንዴ? ያስነሷት።»

በዚህኛው ዙር አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ሠራች። ስትቆም የፓምፑ ጨርቅ ገና እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ጥፋቱ የፓምፑ አይደለም። ሁለተኛው ጣት ሲሰበር ዚሲስ ዞሮ አላየም፤ ወደ መኪናዋ ኋላ እየሮጠ ነበር። የቤንዚኑን ክዳን ሲያላላው ታንኩ እያፏጨ አየር ወደ ውስጥ ሳበ፤ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ ያለ ሰው እንደሚስበው።

«አሁን አዙር!»

ወዲያው ተነሳች።

ክዳኑ መሃል መርፌ የምታሾልክ ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚኑ በጎደለ መጠን አየር የሚገባው በእሷ ነው። ቀዳዳዋ ላይ ቡናማ ሰም ተጋድሟል። ሙቀት አለስልሶታል፤ ቅርጹ ግን አልጠፋም። መስቀል ነው። በፋሲካ ሌሊት ሰው ሁሉ የተባረከውን ሻማ ከቤተክርስቲያን ሳያጠፋ ይዞ ይመጣና ጉበኑ ላይ መስቀል ይሠራል፤ ዚሲስም ይሠራል። በቤንዚን ክዳን ላይ ግን አይቶ አያውቅም። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ሰሙ ይሰነጠቅና አየር ያሳልፋል፤ ቀትር ላይ ለስልሶ ይደፍናል።

ዓይኑ ሳያስበው ወደ በሩ ሄደ። ኪራ አሲሚና ክዳኑን አተኩረው እያዩ ነበር።

«አቧራ ነው» አለ ዚሲስ፣ ሰሙን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ። በሥራው እንዲህ ዓይነት ውሸት ሲናገር የመጀመሪያው ነው። «ቀዳዳዋን አቧራ ደፍኗት ነው። ማንም አልነካትም። ሰውየውን ፍታው።»

ስቴርጊዮስ የዚሲስን እጅ ጠምዝዞ ክዳኑን ነጠቀው፤ አሸተተው።

«ይሄ አቧራ ነው?» ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ አፈሙዙን የቫዮስ አንገት ላይ ደገነ። «አንተ ነህ የደፈንከው! ተናገር!»

«እኔ ነኝ» አሉ እናቱ። «በፋሲካ። የዚህ የቫዮስ እጅ እንዳይገባበት ብዬ መስቀል ሠራሁበት።»

ሞተሩ ያለ እንከን ይሠራል። ስቴርጊዮስ ጠመንጃውንና መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሞርሳውን አላልቶ የቫዮስን እጅ አወጣ፤ የራሱን ቀኝ እጅ አስገባና በግራው አጠበቀው። መፍቻውን በእግሩ ወደ ቫዮስ ገፋ።

«ተው፣ ይበቃል!» አለ ዚሲስ።

ቫዮስ መፍቻውን በግራ እጁ አነሳ። ግራኝ ስላልሆነ የመጀመሪያው ምት ጣቶቹን ሳተና የስቴርጊዮስን መዳፍ ሰነጠቀው። እንደገና መታ፤ እንደገና። ሁለቱ ጣቶች መሰበራቸውን ጎንበስ ብሎ ካየ በኋላ ሦስተኛ አልጨመረም፤ መፍቻውን ወርውሮ ግድግዳው ሥር ተቀመጠ። ስቴርጊዮስ ከንፈሩን ነክሶ ደም አስወጥቶት ነበር፤ አልጮኸም።

ኪራ አሲሚና ተነስተው መጡ። ዚሲስ የልጃቸውን እጅ ፈትቶ ሲያወጣ የራሳቸውን ቀጭን እጅ በቦታው አኖሩ።

«የኔንስ?» አሉ።

ቫዮስ ፊቱን አዞረ። ዚሲስ ሁለቱን ቁስለኞች ደግፎ ከኋላ ወንበር አስቀመጣቸውና ወደ ላሪሳ ነዳ። አሮጊቷ እጃቸውን ከብረቱ መሃል ሳያወጡ፣ የሚያጠብቅላቸው ሰው እየጠበቁ ቆመው ቀሩ።