ለስሙ ብቻ የተወዳደረው

መጀመሪያ ሳል ተሰማ፤ ሰው አልታየም። ምስጢር ያዘለ፣ አፍን በመዳፍ ሸፍነው የሚስሉት ዓይነት ሳል ነው። ቁልፍ ሠሪው ሞረዱን ገታ አድርጎ ቀና ሲል፣ ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወንድምዓለም፣ ለማንም እንዳትነግር እንጂ፣ እኔ አንተን ነው የመረጥኩት። መቼም ባለወፍጮው ማሸነፋቸው አይቀር፤ ባዶህን ስትቀር ለማየት አንጀቴ አልቻለም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

ቁልፍ ሠሪው ቃል አያበዛም። ሰፈሩ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት አሳጥሮ «አይነቅዝም» ይለዋል። ምኞቱ አንድ ነው፤ በዚህች ሁለት ሰው በማታስቆም ሱቅ ውስጥ፣ ብቻውን፣ ብረት እየሞረደ ማርጀት። ምርጫ ውስጥ የገባውም በይሉኝታ ነው። የምርጫ ክልሉን ለዓመታት በምክር ቤት የወከሉት ባለወፍጮ ዘንድሮ ተፎካካሪ ጠፋባቸው፤ ብቻን መወዳደርን ደግሞ ደንቡ አይፈቅድም። «ለስሙ ብቻ ነው፣ ልጄ፤ አንተን እንደሁ ማንም አይመርጥህ» ብለው ለመኑት። እንዲህ ተብሎ ተለምኖ ማን እምቢ ይላል?

ከልብስ ሰፊዋ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪው መጣ። «አንድ ድምፅ እንኳ ብታጣ ቅስምህ ይሰበራል ብዬ እኮ ነው!» ከዚያ የባለወፍጮው የገዛ አማች፣ ግራ ቀኙን እየገላመጠ። ሁሉም «ለማንም እንዳትነግር» ይላል፤ ሁሉም ጽድቅ እንደሠራ ሰው ፊቱ በርቶ ይሄዳል። አይነቅዝም ግን በመጡ ቁጥር ሞረዱን አጥብቆ ገፋ፤ የሚሞርደው ቁልፍ ጥርስ አልቀረለትም።

ኧረ ሌላ ሰው አይምጣ ሲል ሱቁ ጨለመ። በሩን የሞሉት ባለወፍጮው ራሳቸው ናቸው፤ ቅንድባቸው ላይ ዱቄት አለ።

«አይዞህ» አሉት ትከሻውን መታ መታ አድርገው። «ለኔ አንዷ ድምፅ ምን ትጨምርልኛለች ብዬ፣ የራሴን ለአንተ ሰጠሁልህ።»

ሞረዱ ከእጁ ወደቀ። «ጋሼ! ምነው? ምን በደልኩዎት?»

«ምን ያስደነግጥሃል? ውለታ አልቆጥርብህ።»

«እኔ እኮ የመረጥኩት እርስዎን ነው!»

«ጎሽ! ሰዉ ሁሉ እንዳንተው ነው» ብለው ሳቁ።

ሳቃቸው ሳያልቅ ከምርጫ ጣቢያው በኩል ሕዝቡ ግር ብሎ መጣ፤ ልብስ ሰፊዋ ከፊት ናት። «አሸነፍክ!» አለች፤ የደስታ ይሁን የድንጋጤ ድምፅዋ አልለየም።

ባለወፍጮው ሕዝቡን አዩ። ሕዝቡ መሬት መሬቱን አየ።

«ሰው እንዴት ጨካኝ ነው!» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «እኔስ መቼም እርስዎን ነው።»

«እኔም!» «እኔስ ብሆን!» ተባለ ከየአቅጣጫው።

ሐፍረቱ ግን ብዙ አልቆየም።

«እንግዲህ ተመራጫችን፣ መጀመሪያ የቱቦውን ነገር!»

«የለም፣ የመንገድ መብራቱ ይቅደም!»

«እሱን ማታ ቤቱ ሄደን እንነግረዋለን። በየቀኑም ቢሆን እንመጣለን!»

«ይቺ ሱቅማ አትመጥነውም፤ ሰው የሚይዝ ሰፊ ቢሮ ይሰጠው!»

«ንግግር! ንግግር!»

አይነቅዝም ሽርጡን ፈታ፤ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረው። ሕዝቡ ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ሊሄድ መስሎት እያጨበጨበ መንገድ ለቀቀለት። እሱ ግን ማዕዘኑ ጋ ሲደርስ በአዳራሹ ተቃራኒ ታጠፈ፤ ዞርም አላለ።