የመጀመሪያው እፍኝ ለዶሮ

እማ፣ መጁ ልስልስ ከሆነ ለምን ይይዝሻል፣ ብላኝ ነበር ማህደሬ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሆና፣ ወፍጮው ሥር ተቀምጣ በሶ እየቃመች፣ እኔም ሂጂ ውሃ ቅጂ አልኳት፣ ድንጋይ ሲለሰልስ ያዳልጣል እንጂ ይይዛል ብሎ ማን አስተምሮኝ፣ የግሸን መውጫ ላይ እግር ያለሰለሰው ድንጋይ ስንቱን ምእመን ጥሏል፣ እህሉን የምፈጭበት የእኔ የእጅ ድንጋይ፣ መጁ ግን አርጅቶ ሲለሰልስ ያዝ ያዝ ያደርገኛል፣ በሁለት እጄ ነው የማላቅቀው።

ይኸው ኮምቦልቻ ድረስ ሄዳ የምትማረው ያንኑ ጥያቄ። ብረትና ብረት። ሲነካኩ ምን እንደሚያጣብቃቸው፣ ሲፋተጉ ምን እንደሚይዛቸው በኮምፒውተር ቀመር ታወጣለች፣ ልስልስ ያልሽው ዐይንሽ ሸውዶሽ ነው እማ ትለኛለች፣ ቀርበው ቢያዩት ጉብታ ጉብታ ነው፣ ሁለት የሠርግ አጃቢ ሲገናኝ ከፊት ያሉት ብቻ አይደል የሚጨባበጡ፣ ከኋላ ስትገፊያቸው የሌላውም እጅ ይደርሳል፣ ልታለያዪያቸው ስትይ ደግሞ ናፍቆቱ ያልወጣለት አልለቅም ይላል፣ ይኸው ነው። ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩት ሴትዮ፣ ገባኝ።

ዛሬ ከሰዓት ስትደውል ግን ድምጿ ሌላ ነው። ሐሙስ ፈታኞች ፊት ትቆማለች፣ ቀመሯ አንድ ይላል፣ መሞከሪያው ማሽን ሌላ ይላል፣ አልገጥም አለኝ እማ፣ ቁጥሩን ትንሽ አስተካክዬ ላስገባው ነው፣ ማንም አያውቅ። ማንም። አምላኬ ሆይ ይቅር በላት፣ ደክሟት ነው። አልተቆጣኋትም፣ ቁጣ ምን ይሠራል፣ ብረቱን እንዴት አዘጋጀሽው አልኳት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ከመጀመሪያው የፍትጊያ ዙር ጀምሮ ለካሁ፣ አለች። እህ። ወፍጮ ተወቅሮ ሸካራ የሆነ ለታ የመጀመሪያውን ዱቄት ማን ይበላዋል፣ አልኳት። ዶሮ፣ አለች። ያንቺን የመጀመሪያ ዙርስ ማን በላው። እኔው፣ አለች፣ ሳቋ መጣ፣ አብራት የምትማረዋ ዑምኩልሱም ከጎኗ፣ እማማ ለተብርሃን፣ እኛ ጋ ዶሮ የለም፣ ፈታኞቹን እናብላቸው እንዴ፣ ስትል ሰማኋት፣ ቀልደኛ።

የመጀመሪያዎቹን ዙሮች መጣልስ ያው ማጭበርበር አይሆንም ወይ፣ ትለኛለች ማህደር፣ አይሆንም ልጄ፣ ጥለሽ ዝም ካልሽ ነው፣ ይህን ያህል ጣልኩ፣ በዚህ ምክንያት፣ ብለሽ ጻፊ፣ ድንጋይ አዲስ ጥርስ ሲያወጣ መጀመሪያ ራሱን ነው የሚፈጨው፣ አሸዋው ወጥቶ ሲያልቅ ነው እህሉን የሚያውቀው። ስንት ዙር ልጣል፣ አለች። እሱን እንኳ አላውቅም። ማን ቆጥሮ፣ እናቴም አልቆጠረች፣ በጥርስ ነው የምንለየው። ካልገጠመስ፣ አለችኝ፣ ካልገጠመ አልገጠመም ትበል፣ ያኔም የእኔው ልጅ ናት፣ ግን ይገጥማል፣ ድንጋይ ዋሽቶኝ አያውቅም።

ነጋ። ከኪዳን መልስ ወፍጮውን ወቀርኩት፣ ጠረግሁት፣ የተቆላውን ገብስ እፍኝ እፍኝ እያልኩ ፈጨሁ፣ ረቡዕ ነው፣ ጾም፣ በጥርስ መቅመስ የለም፣ በሁለት ጣቴ መሃል አሸሁት፣ አንደኛው ቆረቆረኝ፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛው ጥቂት፣ ለዶሮዎቹ በተንኩላቸው፣ አራተኛው ለስለስ ብሎ ጣቴ ላይ ቀረ። ያን በጨርቅ ቋጠርኩላት፣ ቁራጭ ወረቀት ላይ፣ ሦስት እፍኝ ተጥሏል፣ ብዬ ጻፍኩና ቋጠሮው ውስጥ ከትቼ ወደ መናኸሪያ ወረድኩ።